የአንበጣ ምልዓተ ጉባኤ፦ ከሩብ አልኻሊ አሸዋ እስከ ራያ ማሽላ

በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት በራያ ቆቦ ሜዳ ማሽላው ፍሬ ቋጥሮ አንገቱን ሊደፋ ነበር። ጤፉም ቢጫ መልበስ ጀምሯል፤ ማጭዱን የሳለ ገበሬ ቀን እየቆጠረ ነው። በዚያ ሰሞን ከአፋር በኩል አቧራ የሚመስል ነገር ተነሣ። አቧራ ግን ፀሐይ ሲመታው አያብረቀርቅም፤ ይሄኛው ያብረቀርቃል። ቀረብ ሲል ደግሞ ደረቅ ቅጠል ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ሹ ይላል።

ያገኘውን ይዞ ያልወጣ የለም። ቆርቆሮ የሚደበድብ፣ ጅራፍ የሚያጮህ፣ ባዶ ጀሪካን በዱላ የሚመታ፣ ነጠላዋን እያውለበለበች እሪ የምትል። ለወፍ ጥበቃ የተሠራው ማማ ላይ ልጆች ወንጭፍ ይዘው ወጥተዋል፤ ወንጭፍ ግን ለወፍ ነው። አንበጣው ሲያርፍ የማሽላው አገዳ ከክብደቱ የተነሣ ይጎብጣል፤ ዐገዳውን ያራገፈ ሰው እጁ ላይ፣ አንገቱ ላይ፣ ጋቢው እጥፋት ውስጥ እሾሃም እግሮች ሲቧጥጡት ይሰማዋል። ጩኸቱ ሲበረታ መንጋው ይነሣል። ተነሥቶም የሚሄደው ጎረቤት ማሳ ላይ ነው።

ይህ የጉዳይ ጥናት ያንን መንጋ ይከተላል፤ አካሄዱ ግን ወደ ኋላ፣ ወደ መጣበት ነው። ራያ ላይ የታየው ጥፋት የተወጠነው ራያ ላይ አይደለም። የተወጠነው ከ17 ወር ገደማ በፊት ዝናብ በጣለበት፣ ሰው በማይኖርበት አሸዋ ላይ፣ ነፍሳቱ እግር ለእግር መነካካት ሲጀምሩ ነው። ይህን ስል ለማሳመር አይደለም፤ እግር ለእግር ያልኩት እግር ለእግር ስለሆነ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባዶው ሩብ

ሩብ አልኻሊ በዐረብኛ «ባዶው ሩብ» ማለት ነው። ሳዑዲ ዐረቢያ፣ ኦማን፣ የመንና የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች የሚጋሩት የአሸዋ ባሕር ነው፤ በ2018 አብዛኛው መንገድም ከተማም አልነበረውም። በሜይ 2018 መኩኑ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ኦማን ውስጥ ሰላላ አካባቢ ወደ የብስ ገብቶ ዝናቡን እዚህ በረሃ ላይ አፈሰሰው። በአሸዋ ክምሮቹ መካከል ውሃ ቋጠረ፤ ዳር ዳሩን ቅጠል ወጣ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ በረሃው እንደገና ይደርቅ፣ ያፈራው አንበጣም አብሮት ያልቅ ነበር። በኦክቶበር ግን ሉባን የሚባል ሁለተኛ ዐውሎ ነፋስ መጣና አሸዋውን እንደገና አረጠበው።

የበረሃ አንበጣ እንስት እንቁላሏን ያገኘችው ቦታ ላይ አትጥልም። የሆዷን ጫፍ አሸዋው ውስጥ ሰክታ ትፈትሻለች። ደረቅ ከሆነ ነቅላ ትሄዳለች፤ ከታች እርጥበት ካገኘች ሆዷን እየሳበች ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ድረስ ትዘልቅና እንቁላሎቿን በአረፋ ሸፍና ታስቀምጣለች። ሙቀቱ ከተስማማ በሁለት ሳምንት ገደማ ኩብኩባው ብቅ ይላል። አንዱ ትውልድ በሦስት ወር 20 እጥፍ ሊበዛ እንደሚችል የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ ያሰላል። ሁለቱ ዐውሎ ነፋሶች ለሦስት ትውልድ የሚበቃ እርጥበት ሰጡ። 20 በ20 በ20፦ በዘጠኝ ወር 8,000 እጥፍ። ይህን ያየ ዓይን አልነበረም። አሰሳ የሚያደርግ ቡድን መኪናውን አስነሥቶ የሚደርስበት ቦታ አይደለምና።

ሆኖም 8,000 እጥፍ የበዛ አንበጣ ሁሉ መንጋ አይሆንም። ስለ አንበጣ ሲወራ ዘወትር የሚዘለለው ይሄ ነው።

አንዱ ነፍሳት፣ ሁለቱ ጠባይ

ብቸኛው የበረሃ አንበጣ ዓይን አፋር ነው። በኩብኩባነቱ አረንጓዴ፣ ሲያድግ አፈር የመሰለ ቡናማ ይሆናል፤ የሚበረው ሌሊት ነው፤ ሌላ አንበጣ ካየ ይርቃል። አፋር ውስጥ ፍየል የሚጠብቅ ልጅ በየዓመቱ ያገኘዋል፤ ልብም አይለውም። የመንጋው አንበጣ ግን በኩብኩባነቱ ጥቁርና ቢጫ ይለብሳል፤ ክንፍ ሲያወጣ ሮዝ፣ ለመራባት ሲደርስ ደማቅ ቢጫ ይሆናል። በቀን ይበራል፤ የባልንጀራውን ገላ ይፈልጋል። እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ሩሲያዊ ቦሪስ ኡቫሮቭ እስከ 1921 ድረስ ሁለት ዝርያ ተብለው ይቆጠሩ የነበሩ የአንበጣ ዓይነቶች የአንድ ዝርያ ሁለት መልኮች መሆናቸውን ጻፈ። እሱ ያጠናው የበረሃውን አንበጣ ዘመድ ነበር፤ በኋላ ግን የበረሃውም እንደዚያው ሆኖ ተገኘ። አንጎላቸው ሳይቀር ይለያያል፦ የመንጋው አንበጣ ከብቸኛው በገላ አነስ ብሎ ሳለ አንጎሉ በ30 በመቶ ገደማ ይበልጣል። በሕዝብ መካከል ሲኖር የሚከታተለው ነገር በዛበት መሰለኝ።

ዓይን አፋሩ እንዴት ነው የመንጋ አባል የሚሆነው? እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ።

ዝናቡ ካቆመ በኋላ በረሃው እኩል አይደርቅም። ቅጠሉ እዚህ አንድ ቁጥቋጦ፣ እዚያ አንድ ጉድጓድ ውስጥ እየተሰበሰበ ያንሳል። አንበጣው ጠባዩ መሸሽ ቢሆንም ሆዱ ወደ ቀረችው ቅጠል ይስበዋል። ሠርግ ቤት ዘግይቶ እንደገባ እንግዳ ተጣቦ ይቀመጣል። ያኔ የጎረቤቱ ገላ የኋላ እግሩን ይነካዋል።

በ2001 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ይህንኑ በቤተ ሙከራ ፈተኑት። ብቻውን ያደገውን አንበጣ በሥዕል ብሩሽ ዳሰሱት፦ አንቴናውን፣ ፊቱን፣ ደረቱን፣ ሆዱን፣ ክንፉን፣ እግሮቹን፣ እያንዳንዱን ለየብቻ። በየደቂቃው 5 ሰከንድ፣ ለ4 ሰዓት። (ብሩሹን ይዞ አራት ሰዓት የተቀመጠውን ተማሪ አስቡት።) ጠባዩን የለወጠው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፦ የኋለኛው እግር ጭን። ቦታው አመራረጡ ይገርማል። አንበጣ ሲበላም ሲያጸዳም ፊቱንና የፊት እግሩን ራሱ ይነካል፤ የኋላ ጭኑን ውጫዊ ገጽ ግን ሌላ ካልነካው በቀር ነገር ብዙም አይነካውም። እንግዲህ ያ ቆዳ «ሰው አጠገቤ አለ» የሚል ወሬ ብቻ የሚያመጣ በር ነው።

ከመነካት በቀር ሌላም መንገድ አለ፦ ሌሎችን ማየትና ማሽተት አንድ ላይ ሲሆኑ ተመሳሳይ ለውጥ ያመጣሉ። ማየት ብቻውን ወይም ማሽተት ብቻውን ግን አይበቃም። በ2009 የወጣ ሌላ ሥራ ደግሞ በውስጥ የሚሆነውን አሳየ። ከጭኑ የሚነሣው ነርቭ ደረት ውስጥ ወዳለው የነርቭ ቋጠሮ ሲደርስ ሴሮቶኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ይጨምራል፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት እጥፍ ገደማ ይደርሳል። ሴሮቶኒኑ ሥራውን እንዳይሠራ የሚከለክል ነገር የተሰጠው አንበጣ ቢነካም፣ ሌሎችን ቢያይና ቢያሸትም ዓይን አፋር ሆኖ ቀረ። ተቃራኒውም ሠራ፦ ማንም ሳይነካው ሴሮቶኒን የተሰጠው መንጋ ፈላጊ ሆነ። ሰው ላይ ከስሜትና ከእንቅልፍ ጋር ስሙ የሚነሣው ያው ሴሮቶኒን ነው።

ጠባዩ በሰዓታት ውስጥ ይለወጣል። ቀለሙና ገላው ግን እስኪከተሉት ቆዳ መቀየርና ትውልድ ይፈልጋሉ። ተጣቦ ከኖረ እናት የሚወለደው ኩብኩባም ከእንቁላሉ ሲወጣ ጠቁሮ፣ ለመንጋ ተዘጋጅቶ ነው። ስለዚህ በባዶው ሩብ ሁለተኛውና ሦስተኛው ትውልድ ከመጀመሪያው ይልቅ ለመንጋነት ቅርብ ነበር።

ሆድ ውስጥ ያሉት ምስክሮች

መንጋው ከተፈጠረ በኋላ እንዳይበተን ሽታ ያግዘዋል፤ ከሽታዎቹ አንዱ ጉዋያኮል ነው። የእንጨት ጭስ ውስጥ ያለው፣ ጭስ ጭስ የሚለው ሽታ በከፊል የሱ ነው። በ2000 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ይህን ሽታ አንበጣው ራሱ እንደማይሠራው አሳየ። አንበጣዎቹን ከማንኛውም ጀርም ነጻ በሆነ ቦታ ሲያሳድጓቸው ኩሳቸው ውስጥ ጉዋያኮል ጠፋ። አንጀት ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች፣ በተለይ ፓንቶያ አግሎመራንስ የሚባለው፣ ሲመለሱ ሽታውም ተመለሰ። አንበጣው ቅጠል ይበላል፤ ባክቴሪያው ከቅጠሉ የተረፈውን ሰብሮ ጉዋያኮል ያወጣል፤ አንበጣው በዚያ ሽታ ዘመዱን ያገኛል።

ባክቴሪያዎች ራሳቸውም ብዛታቸውን ይቆጥራሉ። ቪብሪዮ ፊሸሪ የሚባለው የባሕር ባክቴሪያ ጥቂት ሲሆን ጨለማ ነው፤ ሲበዛ ያበራል። በ1970 የተገለጠው ምሥጢሩ ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ ባክቴሪያ አንዲት ትንሽ ሞለኪውል ወደ ውጭ ይለቃል፤ የሞለኪውሏ መጠን በዙሪያው ሲጠራቀም «በቂ ነን» ማለት ነው፤ ያኔ ሁሉም መብራቱን ያበራል። ሊቃውንቱ ስሙን ከስብሰባ ወስደው አወጡለት፤ በእኛ ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱን ማወቅ እንደማለት ነው። የቀበሌ ስብሰባ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል፤ ከግማሹ በላይ አንድ ሰው እስኪጨመር ድረስ ቃለ ጉባኤ አይከፈትም። ባክቴሪያው በሞለኪውል ይቆጥራል፣ አንበጣው በጭኑ። መቁጠሪያው ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው፦ ማንም አዛዥ ሳይኖር ቁጥሩ ራሱ ትእዛዝ ይሆናል።

ሰልፉንም ስናይ ፍቅር እንዳይመስለን። ኩብኩባዎቹ በአንድ አቅጣጫ የሚጓዙበት አንዱ ምክንያት እርስ በርስ መበላላት ነው። በ2008 በወጣ ሙከራ ከሆዳቸው በኩል የሚመጣውን ስሜት የሚያደርሰው ነርቭ የተቆረጠባቸው ኩብኩባዎች መንቀሳቀስ ቀነሱ፤ ከኋላ በሚመጡትም በብዛት ተበሉ። የፊተኛው የሚሮጠው ከኋላ የሚነክሰውን ሸሽቶ ነው፤ የኋለኛውም ሌላው ከኋላው አለ።

ከየመን ወደ እኛ

በ2019 መጀመሪያ መንጋዎቹ ባዶውን ሩብ ለቀው ወጡ። ገሚሱ ወደ ኢራን፣ ገሚሱ ወደ የመን። የመን በጦርነት ላይ ስለነበረች የሚያስቆማቸው አልነበረም። በዚያው ዓመት ክረምት ግድም የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ተሻግረው ሶማሊያና ኢትዮጵያ ገቡ፤ በአፋርና በሶማሌ ክልሎች ተባዙ። ራያ የደረሰው የነዚህ ልጅ ነው። በዲሴምበር ፓዋን የሚባል ዐውሎ ነፋስ ሶማሊያን አረጥቦ ሌላ ትውልድ ጨመረ፤ በዓመቱ መጨረሻ ኬንያ ተነካች። ለኢትዮጵያ በ25 ዓመት፣ ለኬንያ በ70 ዓመት ያልታየ ወረርሽኝ ተባለ።

አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ ቢያንስ 40 ሚሊዮን፣ ሲጠጋጋም 80 ሚሊዮን አንበጣ ይይዛል። አንዱ አንበጣ 2 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በቀን የክብደቱን ያህል ይበላል። ያ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር በቀን የ35,000 ሰው ምግብ ይጨርሳል ማለት ነው። በነፋስ ታግዞም በቀን 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይጓዛል። በጃንዋሪ 2020 ከጅቡቲ ድሬዳዋ ይበር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ ለማረፍ ሲወርድ መንጋ ውስጥ ገባ፤ የፊት መስተዋቱ በአንበጣ ተሸፍኖ መጥረጊያው ሊያጸዳው ስላልቻለ አዲስ አበባ ሄዶ አረፈ። አንበጣ ወደ ዓይኑ እየሰፋ የሚመጣን ነገር ለይቶ የሚያስጠነቅቅ የታወቀ ነርቭ አለው፤ የተሠራው ግን ለጭልፊት ነው።

ደጋውን ያዳነው ቅዝቃዜው ነው። አንበጣ ሙቀቱን ከፀሐይ ይሸምታል። ሌሊቱን ዛፍና ሰብል ላይ ደንዝዞ ያድራል፤ ማለዳ ጎኑን ለፀሐይ ሰጥቶ ይሞቃል፤ ፀሐይ ወጥታ ሁለትና ሦስት ሰዓት ካልሆናት መንጋው አይነሣም። የራያ ሜዳ ከደጋው ግርጌ ስላለ ለሱ የሚበቃ ሙቀት ነበረው።

የተሠራው፣ ያልተሠራው

የገበሬውን ቆርቆሮ የሚንቅ ጽሑፍ ብዙ አንብቤያለሁ፤ አልስማማም። ሰብሉ ለደረሰ ሰው አንድ ቀን ብቻ ማትረፍ አንድ ቀን አጭዶ መሰብሰብ ነው። በየቦታው ሰው እሸት ሳይል፣ በደቦ፣ ሌሊት ጭምር ያጨደው ለዚህ ነው። ነገር ግን ጩኸት መንጋውን ከማሳ ማሳ ያሻግረዋል እንጂ አያሳንሰውም። ያውም እኩለ ቀን ላይ ክንፉ በሞቀ አንበጣ ላይ ነው የሚጮኸው።

ወሳኙ ሰዓት ማለዳ ነበር። አሳሾች ማታ መንጋው ያረፈበትን ቦታ ካመለከቱ ረጪው ጎህ ሲቀድ ይደርሳል፤ አንበጣው ገና ደንዝዟል። አዲስ አበባ የሚገኘው፣ በ1962 የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት አውሮፕላኖችም፣ በጀርባ የሚታዘለው መርጫም የሚሠሩት በዚህ ሒሳብ ነው። ማላታዮንን የመሰለ መድኃኒት በሄክታር አንድ ሊትር ገደማ፣ በጣም በደቀቀ ጠብታ ይረጫል። ጠብታው ግን አንበጣን ከንብ አይለይም፤ ቀፎው ማሳ ዳር የነበረ ሰው ይህን ያውቃል።

ሶማሊያ ውስጥ ሌላ መንገድ ተሞክሯል። ሜታሪዚየም የሚባል ሻጋታ አንበጣን ለይቶ ይገድላል፤ ከብቱንም ግጦሹንም አይነካም። ቀርፋፋ ነው፤ ቀናት ይፈጃል። አንበጣውም ዝም ብሎ አይሞትም፤ መታመሙን ሲያውቅ ፀሐይ ላይ ይሰጣና ገላውን ከ40 ዲግሪ በላይ ያሞቃል፤ በዚያ ሙቀት ሻጋታው አያድግም። ደሙ ቀዝቃዛ ነው የምንለው ነፍሳት ትኩሳቱን ከፀሐይ ይበደራል።

እኔን ከሁሉ የሚቆጨኝ የመርጫው ማነስ አይደለም። መንጋ ከሆነ በኋላ የሚደረገው ሁሉ ውድ ነው፤ ርካሹ ጊዜ ነፍሳቱ የመጨረሻዎቹ ቁጥቋጦዎች ላይ ገና እየተጣበቡ ሳለ ነበር። ዛሬ ሳተላይት የአሸዋ እርጥበትን፣ አዲስ የወጣ ልምላሜን ያሳያል፤ አሳሾችም ያዩትን ከበረሃ መሃል በሳተላይት የሚልኩበት መሣሪያ አላቸው። ሆኖም ሳተላይት ልምላሜውን እንጂ ጭኑ የተነካውን አንበጣ አያይም። እዚያ ሄዶ የኩብኩባውን ቀለም የሚያይ ሰው ያስፈልጋል፦ አረንጓዴ ነው ወይስ ጥቁር ጣል ጣል አድርጎበታል? ባዶው ሩብ ውስጥ በ2018 ይህን የሚጠይቅ ሰው አልነበረም።

የኢትዮጵያ መንግሥትና ፋኦ በ2020 ባወጡት የጋራ ግምገማ ወደ 200,000 ሄክታር የሚጠጋ ሰብል ተጎድቷል፤ ከሁሉ የከፋው ማሽላ ላይ ነው። የጠፋው እህል ከ356,000 ቶን በላይ፣ በዚህ የተነሣ ለምግብ እጥረት የተጋለጠውም አንድ ሚሊዮን ሰው ያህል ሆነ። በዚያው ዓመት መኸር ላይ ራያ እንደገና ተመታች።

ወረርሽኙን በ2021 የቀበረው መርጫው ብቻ አይደለም። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ዝናቡ ቀጠነ። ሮዝ አንበጣ ወደ ቢጫ የሚለወጠው ዝናብና ለምለም ሲያገኝ ነው፤ እንስቷም እርጥብ አሸዋ ካላገኘች ሆዷን ነቅላ ትሄዳለች። በ2021 በልግ በደቡብ ኢትዮጵያና በሰሜን ኬንያ ይዞሩ የነበሩት መንጋዎች ሮዝ እንደሆኑ ቆዩ፤ እየሳሱ፣ እየተበታተኑ፣ ዝናብ እየፈለጉ። ከሥራቸው የቦረናና የሶማሌ ከብት አርቢም ያንኑ ዝናብ ይጠብቅ ነበር። እሱም አልመጣለትም።